በኪሎ የሚሸጠው ዓሣ በሴንቲ ሜትር ሲለካ

ሪያድ፣ ዑለያ — ሪያድ ከባሕር የራቀች ከተማ ናት። በቀይ ባሕር ዳርቻ ካለችው ከጅዳ በመንገድ 950 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በዓረብ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ካለችው ከደማም ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ይሁን እንጂ በዑለያ ጎዳናና በአካባቢው ባሉ የዓሣ ምግብ ቤቶች የሁለቱም ባሕሮች ሲሳይ በበረዶ ላይ ተደርድሮ ይታያል፤ ናጂል፣ ሃሙር፣ ሸዑር፣ ከንዓድ። ደንበኛው በጣቱ ያመለክታል፣ አስተናጋጁ ከሚዛን ላይ ያኖራል፣ ዋጋውም በኪሎ ይሰላል።

ሚዛን የሚናገረው ክብደትን ብቻ ነው። ያ ዓሣ ስንት ዓመት እንደኖረ፣ ከመያዙ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ዘሩን ተክቶ እንደሆነ አይናገርም። ለዚህ የሚያስፈልገው ሌላ መሣሪያ ነው፤ እርሱም ሴንቲ ሜትር የተሰመረበት ተራ ጣውላ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በአረንጓዴ ኢኒሼቲቭዋ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከየብሷና ከባሕሯ 30 በመቶውን ለመጠበቅ ግብ አስቀምጣለች። የባሕሩ ጥበቃ መሳካቱ የሚታወቀው ግን በካርታ ላይ በሚከለለው ስፋት ብቻ አይደለም፤ በዚያ ጣውላ ላይ በሚነበበውም ቁጥር ነው።

ዓሣን መለካት ለተመልካች ቀላል ይመስላል። የዓሣ ርዝመት ግን አንድ አይደለም። ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ የመጨረሻ ጫፍ ድረስ የሚለካው ጠቅላላ ርዝመቱ ነው። ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ መክፈያ፣ ማለትም ጅራቱ ሁለት እስከሚሆንበት ስርጉድ ድረስ የሚለካ ሌላ ርዝመት አለ። ሦስተኛው የጅራቱን ክንፍ ጨርሶ ትቶ በሥጋው ማብቂያ ላይ ይቆማል። እንደ ሃሙር ጅራቱ ክብ ለሆነ ዓሣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አይለያዩም፤ እንደ ከንዓድ ጅራቱ እንደ ጨረቃ ቀንድ ለተሰነጠቀ ዓሣ ግን በመካከላቸው ብዙ ሴንቲ ሜትር አለ። ስለዚህ አንድ ደንብ «ከዚህ ርዝመት በታች አይጠመድ» ሲል የትኛው ርዝመት እንደሆነ ካልገለጸ፣ አጥማጁና ተቆጣጣሪው አንድን ዓሣ ይዘው በሁለት ቁጥር ሊከራከሩ ይችላሉ። ሙያቸው ትርጉም የሆነ ሰዎች ይህን በቀላሉ ይረዱታል፤ ከዓረብኛው «ጡል» ወደ አማርኛው «ርዝመት» መሻገር የአፍታ ሥራ ነው፣ ከየት እስከ የት የሚለው ግን ከቃሉ ውስጥ አይገኝም።

ርዝመት ከክብደት ጋር ያለው ዝምድናም ዓይንን ያታልላል። ዓሣ ሲያድግ በርዝመት ብቻ አያድግም፤ በስፋትም በውፍረትም አብሮ ያድጋል። በዚህም ምክንያት ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ባለ 60 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ሃሙር ከባለ 30 ሴንቲ ሜትር ስምንት ሃሙሮች ጋር በሚዛን ላይ እኩል ነው ማለት ነው። ለገንዘብ ተቀባዩ ሁለቱ አንድ ናቸው። ለባሕሩ ግን በአንደኛው በኩል አንድ ሕይወት ሲጎድል፣ በሌላኛው በኩል ስምንት ሕይወት ጎድሏል፤ እነዚያ ስምንቱም ምናልባት አንድ ጊዜ እንኳ እንቁላል ሳይጥሉ ነው። ከሳህን ጋር የሚመጣጠን፣ ሙሉውን ተጠብሶ የሚቀርብ ትንሽ ዓሣ የመምረጥ ልማድ እዚህ ላይ ዋጋ አለው።

ይህ ማለት ግን ትልቁን ብቻ ማጥመድ ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። በቀይ ባሕር ገበያዎች እጅግ የሚከበረው ናጂል ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ናጂል ከሃሙር ጋር የአንድ ቤተሰብ ዓሣ ሲሆን፣ ቀይ ባሕር የራሱ የሆነ ንዑስ ዝርያ አለው። የዚህ ቤተሰብ ብዙዎቹ አባላት ሕይወታቸውን የሚጀምሩት በሴትነት ነው፤ ዕድሜያቸው ሲገፋና ሲተልቁ ከመካከላቸው የተወሰኑት ወደ ወንድነት ይለወጣሉ። እንግዲህ አጥማጅ ትልልቆቹን ብቻ ለቅሞ ቢያወጣ የሚያጠፋው ወንዶቹን ነው፤ ትንንሾቹን ብቻ ቢያወጣ ደግሞ ገና ያልወለዱትን ሴቶች። ሁለቱም ጥፋቶች በሚዛን ላይ አይታዩም፤ በርዝመት መዝገብ ላይ ግን ወለል ብለው ይታያሉ። በዚህ ምክንያት አንዳንድ አገሮች ለእንዲህ ያሉ ዓሦች የታችኛውን ብቻ ሳይሆን የላይኛውንም የርዝመት ወሰን ይደነግጋሉ።

ናጂል የሚለካው በአካሉ ብቻ አይደለም፤ በጠባዩም ነው። በግብፅ ቀይ ባሕር ዳርቻ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ ይህ ዓሣ ግዙፉን ሞሬይ፣ ያንን እባብ መሰል ዓሣ፣ ከተኛበት ዋሻ ራሱን ፊት ለፊቱ እየነቀነቀ ለአደን እንደሚጠራው አሳይቷል። አንዱ ከላይ ከኮራሉ ውጭ ያሳድዳል፣ ሌላው በስንጥቆቹ ውስጥ ይገባል፤ ታዳኙ ከሁለቱ አንዱ እጅ ይወድቃል። አንድ ዓሣ ምን እንደሚበላ፣ በየትኛው ጥልቀት እንደሚኖር፣ ከማን ጋር እንደሚያድን የሚመዘገበው ለመደነቅ ብቻ ተብሎ አይደለም። ናጂል ከአንድ የኮራል ሪፍ ሲጠፋ ምን አብሮ እንደሚጓደል የሚታወቀው ከዚህ መዝገብ ነው።

የትልልቆቹን ሴቶች ዋጋ በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ 342 የባሕር ዓሣ ዝርያዎችን አወዳድረው፣ የመራባት አቅም ከክብደት ይበልጥ ፈጥኖ እንደሚያድግ አሳዩ። ምሳሌ ያደረጉት የሰሜን አትላንቲኩን ኮድ ነው፤ 30 ኪሎ የምትመዝን አንዲት ሴት፣ እያንዳንዳቸው 2 ኪሎ ከሚመዝኑ 28 ሴቶች በአንድነት የበለጠ እንቁላል ትጥላለች። ሃያ ስምንቱ ተደምረው 56 ኪሎ ይሆናሉ። በኪሎ ብቻ የሚያስብ ሰው ይህን ስሌት ፈጽሞ አይደርስበትም።

ዕድሜም ይለካል። በዓሣ ራስ ውስጥ፣ ከጆሮው ሥፍራ፣ ከኖራ የተሠሩ ጥቃቅን ድንጋዮች አሉ፤ ተቆርጠው በአጉሊ መነጽር ሲታዩ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ያሳያሉ። ቀለበቱን ከርዝመቱ ጋር የሚያስተያይ ሰው ያ ዝርያ በየዓመቱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚያድግ ያውቃል። የመራቢያ አካሉን ክብደት በየወሩ ከመላ አካሉ ክብደት ጋር የሚያነጻጽር ደግሞ የመራቢያው ወቅት መቼ እንደሆነ ይደርስበታል። በዓረብ ባሕረ ሰላጤ በኩል ከንዓድን ማጥመድ ከኦገስት 15 እስከ ኦክቶበር 15፣ በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 9 እስከ ጥቅምት 5 ገደማ፣ የሚከለከለው እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም። እንዲህ ያለ የቀን ወሰን ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠው በእንዲህ ያለው ልኬት ነው። ባሕሩ ሲሞቅና የመራቢያው ወራት ቢዛነፍ ደግሞ ቀኑም አብሮ መከለስ አለበት፤ ያለ አዲስ ልኬት ደግሞ ክለሳ ግምት ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሳ ጥያቄ አለ። ቁጥሩ የማን ነው? ዛሬ በዓለም ላይ ስለ ዓሣ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚያገላብጠው እ.ኤ.አ. በ1996 በኢንተርኔት የተከፈተውን ፊሽቤዝ የተባለውን መዝገብ ነው። ከ35,000 በላይ የዓሣ ዝርያዎች ርዝመት፣ ክብደት፣ ምግብና መኖሪያ በውስጡ ሰፍሯል፤ ሥራው እጅግ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን በቀይ ባሕር ከሚገኙት ዝርያዎች ብዙዎቹ እስከ ሕንድ ውቅያኖስና እስከ ፓስፊክ ድረስ የተሠራጩ በመሆናቸው፣ ስለ ዕድገታቸው የተመዘገበው ቁጥር ብዙ ጊዜ የተለካው እዚህ ሳይሆን በአውስትራሊያ ወይም በሌላ ሩቅ ባሕር ነው። ቀይ ባሕር ደግሞ እንደ ሌሎቹ አይደለም። ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ይህ ጠባብ ባሕር ትልቅ ወንዝ የማይገባበት፣ ጨውነቱ በሰሜን በኩል በአንድ ሊትር 40 ግራም ገደማ የሚደርስ፣ በበጋ በደቡብ በኩል የገጹ ውሃ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍ ነው። ሰሜኑ ጥርት ያለና ለምግብ ድሃ ሲሆን፣ ደቡቡ ከባብ ኤል መንደብ በሚገባው ውሃ የተነሣ የበለጸገና የደፈረሰ ነው። በታቡክ ዳርቻ የተለካው ሸዑር በጂዛን ዳርቻ ካለው ወንድሙ እኩል ያድጋል ብሎ መነሣት አይቻልም፤ ከአውስትራሊያው ጋር ማስተካከልማ እንዴት ይሆናል! በተዋሰ ቁጥር የተጻፈ ደንብ በተዋሰ ልብስ እንደሚታይ ሰው ነው፤ አንዳንዱ ይረዝምበታል፣ አንዳንዱ ይጠብበታል።

የሚገርመው፣ የዚህ ባሕር ዓሦች በሳይንስ መንገድ መለካት የጀመሩት ከብዙዎቹ ባሕሮች ቀድመው መሆኑ ነው። የዴንማርኩ ንጉሥ ፍሬድሪክ አምስተኛ እ.ኤ.አ. በ1761 ወደ ዓረብ ምድር ከላኳቸው ተጓዦች አንዱ ፔተር ፎርስኮል የተባሉ ወጣት የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበሩ። በ1762 መጨረሻ በጅዳ ተቀምጠው ከአጥማጆች እጅ ዓሣ እየተቀበሉ ክንፋቸውን ቆጠሩ፣ አካላቸውን ገለጹ፤ ቆዳቸውንም ከአንድ ጎን ገፈው እንደ ቅጠል በወረቀት ላይ ለጥፈው አደረቁ። በ1763 በየመን ያሪም ላይ በወባ ሞቱ። ከጉዞው በሕይወት የተመለሱት ካርስተን ኒቡር ብቻ ሲሆኑ፣ የፎርስኮልን ጽሑፍ በ1775 ያሳተሙትም እርሳቸው ናቸው። ከእነዚያ የደረቁ ቆዳዎች 99ኙ ዛሬም በኮፐንሃገን ሙዚየም ይገኛሉ። ከ260 ዓመት በኋላ ማስመሪያ ይዞ የሚሄድ ተመራማሪ የያኔውን የጅዳ ዓሣ ሊለካው ይችላል።

ፎርስኮል ሌላም ነገር አድርገዋል። ለዓሦቹ የላቲን ስም ሲያወጡ የአጥማጆቹን የዓረብኛ ስም አልጣሉትም። ሐሪድ፣ ሶሐል፣ ቦሃር፣ ሐረክ የሚሉት የዳርቻው ስሞች እስከ ዛሬ በየትኛውም የዓለም ክፍል በሚታተም የዓሣ መጽሐፍ ውስጥ የዝርያ ስም ሆነው ይነበባሉ። አማርኛችን ለባሕር ዓሦች የራሱ ስም ስለሌለው ከዓረብኛ መዋሱን እንደ ድህነት የሚቆጥሩ አሉ። ላቲንም ያደረገው ይኸንኑ ነው።

ወደ ዛሬው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2022 የዱር ሕይወት ልማት ብሔራዊ ማዕከል፣ የንጉሥ ዓብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ከተለያዩ ተቋማት ከተውጣጡ ባለሙያዎች ጋር በመሆን፣ ኦሽን ኤክስፕሎረር በተባለችው መርከብ በሳዑዲ የቀይ ባሕር ዳርቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰፊ የምርምር ጉዞ አካሂዷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2021 የቀይ ባሕር የኮራል ሪፎችንና ዔሊዎችን የሚጠብቀው «ሸምስ» የተባለው ድርጅት ተቋቁሟል። በጥልቁ ውስጥ የተገኙት ሰማያዊ ጉድጓዶችና የኮራል መንደሮች የዜና ርዕስ ሆነዋል፤ ሊሆኑም ይገባል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ከመርከቧ ያላነሰ ዋጋ ያለው ሌላ ዓይነት ሥራ አለ፤ ማንም ፎቶ የማያነሳው ሥራ። የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሁለት ዓመት ያህል ወደ ጅዳው የዓሣ ገበያ እየተመላለሱ የሚመጡትን ሻርኮችና የእነርሱን ዘመዶች በየዝርያቸው ለዩ፣ ለኩ፣ ጾታቸውንም መዘገቡ። ውጤቱ በ2015 ሲታተም ከተለኩት መካከል ለመራባት ያልደረሱት እጅግ ብዙ እንደነበሩ አሳየ። ለዚህ ግኝት ሰርጓጅ መርከብ አላስፈለገም፤ ያስፈለገው ሌሊት ተነሥቶ ጨረታው ሳያልቅ መድረስ ነው።

ልኬት ዘግይቶ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ለማየት ከአገራችን ከጣና የቀረበ ምሳሌ የለም። ጣና ባሕር ባይሆንም አባቶቻችን «ባሕር» ብለው ጠርተውታል። የቀይ ባሕርን ዓሦች በመጽሐፍ የገለጹት የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከምጽዋ ተነሥተው እስከ ጎንደር ወጥተዋል፤ የጣናን ነጭ ዓሦችም ለሳይንስ ለመጀመሪያ ጊዜ በየስማቸው ለይተው የጻፉት እርሳቸው ናቸው። በኋላ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ጥናት አብዛኞቹን በአንድ ዝርያ ጠቅልሎ አስቀመጣቸው። ለሃያ ዓመታት ያህል የጣና ነጭ ዓሣ በወረቀት ላይ አንድ ዓሣ ነበር። በ1990ዎቹ ሌዮ ናገልከርከ የተባሉ የኔዘርላንድስ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው የራሱን ርዝመት፣ የአፉን አቀማመጥ፣ የዓይኑን ስፋት፣ የአካሉን ቁመት ከብዙ ዓሦች ላይ እየለኩ፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚበላና የት እንደሚኖር እያስተያዩ ሲሠሩ ግን አንዱ ዓሣ 15 ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህም 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው፤ በአፋቸው ውስጥ ጥርስ በሌለው በዚህ ቤተሰብ ዘንድ ይህ በሌላ ቦታ ያልተለመደ ነገር ነው።

ማስመሪያው በደረሰበት ጊዜ ግን መረቡ ቀድሞት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ከደንገል ታንኳው ጎን የሞተር ጀልባና በውሃ ውስጥ እንደ ግድግዳ የሚዘረጋ ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገብቷል። ከ15ቱ ዝርያዎች ቢያንስ 7ቱ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ መሰል ወንዞች ይወጣሉ፤ መረቡም የሚጠብቃቸው በወንዙ አፍ ላይ ነበር። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የእነዚህ ዓሦች መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ ስም የተጠሩ 15 ፍጥረታትን አንድ ሕግ ሊጠብቃቸው አይችልም፤ የሚራቡበት ርዝመትም ወቅትም የተለያየ ነውና።

ቀይ ባሕር ከጣና የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ባለቤቱ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 2020 እዚሁ ሪያድ ላይ የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ተዋሳኝ የዓረብና የአፍሪካ አገሮች ምክር ቤት ሲመሠረት ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ግብፅ፣ ዮርዳኖስ፣ ሱዳን፣ ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያና የመን ፊርማቸውን አኑረዋል። የምክር ቤቱ ወሬ ብዙ ጊዜ ስለ መርከብ መንገድና ስለ ጸጥታ ነው። ዓሣው ግን ድንበር አያውቅም፤ በዳህላክ ዙሪያ የፈለፈለው እንቁላል በፋራሳን ዙሪያ ዓሣ ሆኖ ሊያድግ ይችላል። ኤርትራዊው ሳይንቲስት ዳዊት ተስፋሚካኤል ከዳንኤል ፖሊ ጋር በ2016 ባዘጋጁት መጽሐፍ በባሕሩ ዙሪያ ያሉ አገሮች ከ1950 እስከ 2010 ምን ያህል ዓሣ እንዳወጡ ከተበታተነ መዝገብ ለቃቅመው አቅርበዋል። መዝገብ በሌለበትም ተመራማሪው ሽማግሌ አጥማጆችን «በሕይወትዎ ያገኙት ትልቁ ምርት መቼ ነበር?» ብለው ጠይቀዋል፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ መልሱ እየቀነሰ መምጣቱን አይተዋል። ትዝታ መልካም ምስክር ነው፤ ሴንቲ ሜትር ግን የለውም።

በዚህ ከተማ ዓሣ ከሚያጥቡና ከሚያሰናዱ እጆች መካከል የወገኖቻችን እጆች አሉበት። «ክንፍና ቅርፊት» የሚለውን መለያ ከልጅነቱ የሚያውቅ፣ በዚያም ምክንያት አምባዛን ከቆሮሶ ለይቶ የሚያስቀር ሕዝብ ለዓሣ ምልክት ባዕድ አይደለም። የዓሣ ሆድ የሚከፍት ሰው ተመራማሪው በቤተ ሙከራ የሚያየውን ያያል። ከጀርባ አጥንቱ ሥር ሁለት ረዣዥም ከረጢቶች ሞልተው፣ ብጫ ሆነው፣ ፍሬያቸው ለዓይን ከታየ ያ ዓሣ ሊወልድ ተቃርቦ የነበረ ነው። በምትካቸው እንደ ክር የቀጠነ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ብቻ ካለ አንድም ገና አልደረሰም፣ አንድም ወቅቱ አይደለም። ዓሣውም ትንሽ ከሆነ የመጀመሪያው ይበልጥ ያስኬዳል። ገበያ የሚላክ ወይም ለእንግዳ የሚመርጥ ሰው አራት ትንንሽ ሃሙር ከመያዝ አንድ መካከለኛ ይዞ ቢቆራርጠው በኪሎው ላይ የሚያጣው ነገር የለም።

በጂዛን ግዛት በፋራሳን ደሴቶች ሐሪድ በየዓመቱ በኤፕሪል ገደማ ጨረቃን ተከትሎ በብዛት ወደ ጥልቀት የለሹ የባሕር ዳርቻ ይተምማል። የደሴቱ ሰዎች ይህን ቀን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ዛሬ በዓል ሆኖ እንግዶች ይጋበዙበታል፣ ደሴቶቹም ከ2021 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው ተመዝግበዋል። አንድ ዝርያ፣ በአንድ ቦታ፣ በየዓመቱ በአንድ ወቅት፣ በብዙ ሰው እጅ። ለልኬት ከዚህ የተመቸ አጋጣሚ በመላው ቀይ ባሕር ላይ አይገኝም። በዓሉ ሲከበር ከተያዘው ውስጥ ጥቂት መቶ ያህሉ ወደ ቅርጫት ከመግባቱ በፊት በጣውላው ላይ ቢጋደምና ርዝመቱ ቢጻፍ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ሐሪድ እያነሰ ይሁን ወይም ባለበት የጸና የሚናገር፣ በዚሁ ባሕር የተለካ መዝገብ በደሴቱ እጅ ይኖራል።